እኩል የሚሞቱ ጣውንቶች

ሽማግሌዋ የሚሏት ገና ሠላሳ ያልሞላት ሴት ናት። ስሙን ያወጡላት የአውቶቡስ ድርጅቱ ሾፌሮች ናቸው፤ ሾፌር ደግሞ ስም ሲያወጣ ምሕረት የለውም። በደብዳቤ የተጻፈው ሥራዋ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። እውነተኛው ሥራዋ ግን በሁለት አኩራፊ አጎቶቿ መካከል መመላለስ ነው።

አጎቶቿ ድርጅቱን ከአባታቸው ወረሱ። የታላቅየው ቢሮ ከኮሪደሩ በስተቀኝ፣ የታናሽየው በስተግራ ነው፤ በሮቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሁለቱም በራቸውን ገርበብ አድርገው ሌላው ምን እንደሚሠራ ሲሰልሉ ይውላሉ እንጂ ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል። ምን አጣላቸው ቢባል፣ የአባታቸው ወንበር ማን ቢሮ ይግባ በሚል ነው። ወንበሩ ይኸው እስከ ዛሬ ኮሪደሩ ላይ ተገትሯል፤ ደፍሮ የሚቀመጥበት የለም።

"ንገሪው!" ይላል ታላቅየው። ሽማግሌዋ ኮሪደሩን ተሻግራ ትነግረዋለች። "ንገሪው!" ይላል ታናሽየው። ትመለሳለች። ሁለቱም የተባለውን በተከፈተው በር በገዛ ጆሯቸው ሰምተውታል። ግን እሷ ካልነገረቻቸው አልሰሙም፤ ምን ይደረግ!

እንግዲህ ሁለት ሰርቨር የገዙት እነዚህ ሰዎች ናቸው። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ብላ መክራ ያስገዛቻቸው ራሷ ሽማግሌዋ ናት፤ ማንንም አትውቀስ። የትኬት ሽያጩን አንደኛው ሰርቨር ይሠራዋል፣ እሱ ቢታመም ሌላው ይረከበዋል። ታላቅየው አንዱን ገዛ፤ ታናሽየው ከዚያ የማይበልጥ የማያንስ ቁርጥ መንትያውን ገዛ። ታላቅየው የራሱ ላይ "ታላቅ" የሚል ወረቀት አስለጠፈ። ታናሽየው ሞቶ "ታናሽ" ብሎ አይለጥፍም፤ "ዋናው" ብሎ ለጠፈ። በማግስቱ የታላቅየው ሰርቨር ላይ "የዋናው ታላቅ" የሚል ተጨመረበት። ትኬት ሻጮቹ ይህን አይተው ሁለቱን ማሽኖች "ጣውንቶቹ" አሏቸው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ጣውንቶቹ መጀመሪያ ላይ ጠባያቸው ሌላ ነበር። መሃላቸው ያለው መስመር ሲቋረጥ እያንዳንዳቸው "ያቺ ሞታለች፣ እኔ ብቻዬን ቀርቻለሁ" ብለው ሁለቱም ትኬት መሸጥ ይጀምራሉ። አንድ ወንበር ለሁለት ሰው! አንድ ቀን ደልደል ያለች ጨርቅ ነጋዴና አንድ ቀጭን ዳኛ ተመሳሳይ ቁጥር ይዘው መጡ። ዳኛው "ተነሺ" አለ፤ ነጋዴዋ "እዚህ ችሎት የለህም" አለችው። እሷም አልተነሳች፣ እሱም አልወረደ። ዳኛው መንገዱን ሙሉ ጉልበቷ ላይ ተቀምጦ ሄደ ይባላል፤ ሾፌሩ የሚምለው እንዲያውም እንቅልፍ ወስዶት ነበር ብሎ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ፌንሲንግ ይባላል። ስሙ አጥር አጥር ይላል እንጂ ነገሩ ግድያ ነው። አንደኛዋ ጣውንት ሌላዋ ስትጠፋባት ዝም ብላ ሞታለች ብላ አታምንም፤ ታረጋግጣለች። ማረጋገጫውም ገድሎ ነው። በራሱ ገመድ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ አለ፤ "እሷን አጥፋልኝ" ስትለው መብራቷን ይቆርጥና መልሶ ያበራል። እስክትነሳ ድረስ የሞተች ትኬት አትሸጥም፤ ዳኛም በሰው ጉልበት ላይ አይሄድም።

ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ሁለቱን የሚያገናኘው ስዊች የሚሉት ሣጥን የሟቹ አባታቸው ዘመን ዕቃ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ጣውንቶቹ ብድግ ይላሉ፣ እሱ ገና ያዛጋል። አንደኛዋ ነቅታ ዙሪያዋን ስታይ ሌላዋ የለችም። "ሞታለች" ብላ ለማረጋገጥ ትገድላታለች። ያቺም በዚያችው ቅጽበት እንዲሁ። ሁለቱም ድርግም! ይነሳሉ፣ እንደገና ይገዳደላሉ። ቀትር ላይ ደግሞ ስዊቹ በሙቀት ራሱን ይስታል፤ ያኔ መብራት ሳይጠፋም ያው መገዳደል ነው። "ይሄ ማሽን ነው ወይስ ቤተሰብ?" አለች የትኬት ክፍል ኃላፊዋ። አዲስ ስዊች እንዳይገዛ፣ አንዱ ወንድም ከገዛው ሌላው "በእሱ ሣጥንማ የኔ ማሽን አትናገርም" ይላል።

ስለዚህ በተገዳደሉ ቁጥር ሽማግሌዋ መጥታ የአንዷን ሶኬት ትነቅላለች፣ ሌላዋ ረጋ ብላ እስክትነሳ ትጠብቃለች፣ ከዚያ መልሳ ትሰካለች። ከጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፏን እንደከፈተች ተጠርታ ታውቃለች።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። የማያስቀው የእናቷ ዓይን ነው።

እናቷ የሁለቱ አኩራፊዎች እህት ናት፣ በመሃል የተወለደች። ዓይኗ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግፊቱ በዝቶ ብርሃኗን እየበላባት ነው፤ የሚያክማት ሐኪም ያለው ሌላ ከተማ ነው። ባለፈው ተራዋ ደርሶ እናትና ልጅ በገዛ ቤተሰባቸው አውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገዱ ሳይጋመስ ጣውንቶቹ ተገዳደሉ። ታላቅየው "ሽማግሌዋን መልሳት" ብሎ ለሾፌሩ ደወለ፤ ታናሽየውም ደወለ። በስንት ዓመት አንዴ በዚህ ብቻ ተስማሙና አውቶቡሱ ከነተሳፋሪው ዞሮ ተመለሰ። ከነተሳፋሪው! ሽማግሌዋ ሶኬት ነቀለች፣ ሰካች፣ አለቀ። ተራው ግን አለፈ፤ ሌላ ተራ እስኪገኝ የቀኝ ዓይኗ ጠፋ። አሁን ግራው ቀርቷል። ሐኪሙም ሳይሸፋፍን "ይሄኛው ተራ ካለፈ ባታመጪያትም ይሻላል" ብሏል።

"አንዱን ዓይኔን ተባብረው በሉት" ትላለች እናቷ። "ሁለተኛውን ደግሞ እኩል ይካፈሉት።" ሽማግሌዋ አጎቶቿን ትወዳቸዋለች፤ ደግሞም አንቃ ብትገድላቸው ደስታዋ ነው።

ጉዞው ሲቃረብ ታላቅየው ቢሮ ገባች። "ጋሼ፣ ሁለት ነገር ላስተካክል ነው። አንደኛው፣ ሲነሱ ስዊቹ ነቅቶ፣ ተንጠራርቶ፣ ፊቱን እስኪታጠብ ይጠብቁ፤ ሳይተያዩ እንዳይገዳደሉ።"

"ሁለቱም እኩል ይጠብቃሉ?"

"እኩል።"

"ይሁን።"

"ሁለተኛው፣ በሥራ መሃል ከተጠፋፉ አንደኛዋ ከመግደሏ በፊት ትንሽ ትዘግይ። ያልዘገየችው ትቀድማትና ሥራውን ትይዛለች። አንድ ሞተ፣ አንድ ቀረ፤ ትኬቱ አይቋረጥም።"

ታላቅየው መነጽሩን አወለቀ። "የምትዘገየው የማን ናት?"

"ማንም ትሁን፣ የሞተችውኮ ተመልሳ ትነሳለች..."

"የኔዋ እጇን አጣምራ ትገደል? በአባቴ ቤት? ወይ ፍንክች!"

ኮሪደሩን ተሻገረች። ታናሽየው ሁሉንም ሰምቶ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። "ታናሽ ስለሆንኩ የኔ ትጠብቅ፣ አይደል? ልጅ ሆኜ እሱ በልቶ እስኪጠግብ ጠበቅሁ። አዲስ ጫማ የሚገዛው ለእሱ ነው፤ የኔ እሱ የጣለው ነው፣ ያውም አንድ ጣት ይሰፋኛል። አሁን ደግሞ ማሽኔ ትጠብቅ? እኩል ከሆነ እሺ።"

"ጋሼ፣ እኩል ከሆነኮ ሁለቱም ይሞታሉ።"

"ይሙቱ! እኩል ይሙቱ!"

እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለው ለካ እውነት ነው። ሽማግሌዋ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አንድ ቀን ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች። አንደኛው እሺ ሲል ሌላኛው ይጠረጥራል፤ የተጠረጠረው ደግሞ እሺታውን ያነሳል። ሁለቱ ሳይፈቅዱ ማንም የማሽኖቹን አሠራር እንዳይለውጥ ደንብ አውጥተዋልና እጇ ታስሯል።

በመጨረሻ እናቷን ይዛ ቢሮ መጣች። እናትየዋ ደክሟት ስለነበር በዳበሳ ያገኘችው ወንበር ላይ ዘፍ አለች፤ የአባቷ ወንበር ነው። ሁለቱም በሮች ትንሽ ተንቀሳቀሱ። አንድም ሰው ተነሺ አላለም። ከዚያ ሽማግሌዋ ለታላቅየው "ሰርቨር ክፍል እንዲመጣ ብነግረው እሱ አልመጣም አለ" አለችው፤ ለታናሽየውም እንዲሁ። ሁለቱም እየሮጡ መጡ።

"ይኸው እኩል ናቸው፣ እንደ ፈቃዳችሁ" አለችና ጣውንቶቹን የሚያገናኘውን ገመድ ነቀለች።

ቀጭ። ቀጭ። ሲያጓራ የነበረው ክፍል ጸጥ አለ። ወዲያው ከትኬት አዳራሹ የሕዝብ ጩኸት ተነሳ፤ "ሌቦች!" የሚለው ጎልቶ ይሰማል። ወንድማማቾቹ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ኮሪደሩ ላይ፣ ከወንበሩ ትይዩ፣ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሚያሳየው ትልቁ ስክሪን አብሮ ጠፍቷል። የእናትየዋ ድምፅ መጣ።

"ልጆች፣ ያ ሲያበራ የነበረው ነገር ጠፋ እንዴ? ወይስ ዓይኔ ነው?"

እጇን ዘርግታ ፊቷ ያለውን አየር ትዳብሳለች። "ኧረ ንገሩኝ! ዓይኔ ነው?"

"ስክሪኑ ነው፣ እማዬ!" አለች ሽማግሌዋ።

ታላቅየው ጉሮሮውን ጠረገ። "ንገሪው፣ የኔዋ ትጠብቅ።" ታናሽየውም በዚያው አፍታ "ንገሪው፣ የኔዋ ትዘግይ" አለ።

ተመስገን ልትል ስትል ታላቅየው "አይሆንም! ትዕግሥት የታላቅ ነው፤ ንገሪው" አለ። ታናሽየው "ጡር ውስጥ አልገባም፣ የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ንገሪው" አለ። "ደግነቱን ከየት አመጣው በይው!" "እሱ ካመጣበት በይው!" አይ ጣጣ! ትናንት ማን ይቅደም ብለው የተናከሱ ሰዎች ዛሬ ማን ይቅር ብለው ሊደባደቡ ነው።

"ሁለታችሁም እኩል ከጠበቃችሁኮ ዘግይታችሁ እኩል ትገዳደላላችሁ እንጂ ምንም አልተለወጠም!" አለች።

"ንገሪው..."

"አልነግረውም!" ጮኸች። ራሷም ደነገጠች። "አፍና ጆሮ አለው፣ ራስዎ ይንገሩት! እናቴ እዚያ ተቀምጣ አየር ትዳብሳለች፣ እናንተ እዚህ ደግነት ትጫረታላችሁ! ውጡልኝ! ሁለታችሁም ውጡ!"

ወጡ። በአንድ በር ለመውጣት ትከሻቸው ተጋጭቶ፣ ይቅርታ ሳይባባሉ ወጡ።

በሩን ቆለፈች። ሁለቱንም ወረቀቶች ልጣ ጣለች፣ የሁሉንም ገመድ ነቃቀለችና መንትዮቹን ማሽኖች ከመደርደሪያው አውርዳ፣ የማን የትኛዋ እንደሆነች እንዳይለይ፣ ከላይና ከታች አዲስ ቦታ ሰጠቻቸው። ሲነሱ ስዊቹን እንዲጠብቁ ለሁለቱም አዘዘች፤ ከመግደል በፊት መዘግየትን ግን ለአንዷ ብቻ ሰጠች። ለማን? ለአጎቶቿ አልተናገረችም፤ እኔም አልናገርም። ሁሉም ተነስቶ ሥራ ሲጀምር ገመዱን እንደገና ነቀለች። ቀጭ አለ፤ አንድ ብቻ። አዳራሹ ውስጥ ትኬት ማተሚያዎቹ አላቆሙም። ገመዱን መልሳ ሰካች፤ የሞተችው ተነስታ ከሌላዋ ጋር እስክትገናኝ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ የእናቷን ክንድ ይዛ ሄደች።

በዚህኛው ጉዞ አውቶቡሱ አልዞረም።

ቀዶ ጥገናው በተደረገ ማግስት እናትየዋ ግራ ዓይኗ ታሽጎ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ሐኪሙ ጠዋት መጥቶ ብርሃኗ መትረፉን ነግሯቸዋል፤ እንዳታጎነብስ፣ ዓይኗን እንዳታሽ፣ በተለይ እንዳታለቅስ አስጠንቅቋል። ቀትር ሲሆን ስልክ ጮኸ። የድርጅቱ ቁጥር ነው። ያው መጣ አለች ሽማግሌዋ በልቧ። ስዊቹ ራሱን ስቷል፣ ጣውንቶቹ ተገዳድለዋል፣ ልትጠራ ነው።

"ሄሎ?"

"ልጄ፣ ስዊቹ ፈዞ ነበር" አለ ታላቅየው። "ትኬቱ አልተቋረጠም፤ ማንም አላወቀም። ግን አንደኛዋ ጠፍታ ነው የተነሳችው። የታችኛዋ ናት። የኔ ናት አይደል? የኔ ናት የጠበቀችው!"

"የሱ የላይኛዋ ናት!" የሚል ሌላ ድምፅ እዚያው ስልክ ውስጥ ገባ። "ወረቀቱን ምን አደረግሽው? አንተ ደግሞ ዞር በል፣ ልያት!"

"አንተ ራስህ ዞር በል፣ ደንቆሮ! የገዛ ማሽኔን አላውቅም?"

"ድሮስ ምን ታውቃለህ? ግራህን ከቀኝህ መች ትለያለህ?"

"በአፍህ ላይ ጫማዬን..."

"ያረጀውን ነው አዲሱን?"

"ማን ነው የሚጮኸው?" አለች እናትየዋ።

"ሁለቱም ናቸው።"

"በየተራ ደወሉ?"

"አይ እማዬ። በአንድ ስልክ። እርስ በርስ እየተሳደቡ ነው።"

እናትየዋ እጇን ዘረጋች። ሽማግሌዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። ወንድሞቿ ስለ ጫማ፣ ስለ ሥጋ፣ ስለ አባታቸው ወንበር፣ በዓመታት ያጠራቀሙትን ስድብ ሁሉ ሳይተነፍሱ ያወርዱታል፤ "ንገሪው" የሚል ግን የለም። እናትየዋ አገጯ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ዝጊው!" አለች። "ዝጊው ልጄ፣ አታልቅሺ ተብያለሁ!" ልጅቷ ስልኩን ልትወስድ ስትል ግን በሁለት እጇ ይዛ አልለቅም አለች።