ወደ ወንዛዬ መንገድ ላይ እናቴ የጠየቀችን

ከጎንደር የተነሳሁት ወረታ የምትኖረውን እናቴን ወንዛዬ ፍል ውሃ ለማድረስ ነው። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። ከወረታ የሚመጣ ሰው ሁሉ «እናትህ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በምርኩዝ ነው የምትሄደው» እያለ ያሳቅቀኝ ነበርና፣ የጥር ዕረፍት ሲደርስ ሻንጣዬን ያዝኩ። ዘመኑ አምሳዎቹ ዓመታት ሊገባደዱ የተቃረቡበት ነው።

አብሮኝ የመጣው ጌታሁን ይባላል። በአንድ ትምህርት ቤት እናስተምራለን፤ እሱ ሳይንስ፣ እኔ ታሪክ። የሸዋ ልጅ ነው፤ ጣናንና የፎገራን ሜዳ ለማየት ጓጉቶ ነበር። ሁለታችንም በእግዚአብሔር ማመን ካቆምን ሰንብተናል። ልዩነታችን እኔ ይህን ለዘመድ ተናግሬ አላውቅም፤ እሱ ደግሞ ሳይናገር አይውልም። ምክንያት አለው። አባቱ ሲሞት እናቱ ጥማድ በሬዎቿን ሸጣ ተዝካር ደገሰች። በዓመቱ የሚያርሱበት አጡ፤ ቤተሰቡም ተበተነ። «እኔን ያስካደኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ያ ድግስ ነው» ይላል።

ከጎንደር እስከ ወረታ

አውቶቡሱ በማለዳ ተነሳ። ዋጋው ለአንድ ሰው ሁለት ብር ነበር፤ ከኋላ ለተቀመጠ አቧራው በነጻ ነው። አዲስ ዘመን ከተማ ወርደን ሽሮ በላንና ቀጠልን። ከዚያ ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ሲዘረጋ ጌታሁን አንገቱን በመስኮት አወጣ። ክረምት ላይ ባሕር የሚመስለው ፎገራ አሁን ውሃው ሸሽቶለት ጓያና ሽምብራ ለብሷል። ከብቱ እስከ ዓይን መጨረሻ ድረስ ተበትኗል። የርብን ድልድይ ስናልፍ እሸት ሽምብራ በእቅፍ የያዙ ሴቶች መኪናውን ከበቡት። ወረታ እስክንገባ እየፈለፈልን በላን።

እናቴ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ጌታሁንን እንደ እኔ አገላብጣ ሳመችው። ጓሮ ወስዳም ቡሬን አሳየችው። ቡሬ ነጭና ጥቁር የሆነች ላሟ ናት፤ ሌላ ከብት የላትም። ወተቱና ቅቤው ነው ቤቱን ያቆመው።

«ደህና አድርገህ እያት» አለችው። «ከወንዛዬ እንደተመለስን ትታረዳለች።»

«ምነው እማማ፣ ታማለች?»

«ኧረ ምንም አልሆነች። ልጄ ከሞተች ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው። ካህናቱን አብልቼ ነፍሷን ላስፈታ ብዬ ነው እንጂ።»

ታናሽ እህቴን የወሰዳት ወባ ነው። ጌታሁን ወደ እኔ ዞረ። አስተያየቱ ገብቶኛል። እኔ ጎንበስ ብዬ የላሟን አንገት አሻሸሁ።

በሐሙሲት በኩል

በማግስቱ በጭነት መኪና ጋቢና እናቴን አስቀምጠን፣ እኛ ከላይ ከጆንያው ጋር ሆነን የጉማራን ድልድይ ተሻገርን። ሐሙሲት ወርደን በቅሎ ተከራየንላት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የእግር ነው። ፀሐይዋ ስትበረታ አንዲት ሾላ ሥር አረፍን፤ ዳቦና እርጎ ቀረበ።

እናቴ ስለ እህቴ አወራች። ሲዘንብ እንዴት ትዘፍን እንደነበር፣ ሜዳው በውሃ ሲሞላ በታንኳ ለመሄድ እንዴት ታስቸግር እንደነበር። «አሁንም እኮ ታየኛለች» አለች። «ጉልበቴ ሲያመኝ እሷም የምታዝን ይመስለኛል።»

ጌታሁን ዳቦውን አስቀመጠ። «እማማ፣ ባይቆጡኝ አንድ ነገር ልበልዎት።»

«በል ልጄ።»

«የሞተ ሰው አያይም፣ አይራብም፣ አያዝንም። ድግሱ እሷ ዘንድ አይደርስም። ቡሬን አርደው የሚቀረው የእርስዎ ረሃብ ነው። የእኔ እናት እንዲህ አድርጋ እኛን በትናለች።» ስለ በሬዎቹ፣ ስለ ተበተኑት ወንድሞቹ ነገራት።

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣችም። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትክ ብላ አየችው።

«ታዲያ ልጄ የት ናት?»

«የትም አይደለችም እማማ።»

«የትም ማለት ምን ማለት ነው? መሬት ውስጥ?»

«አካሏ መሬት ውስጥ ነው። ሌላው... ሌላ የለም።»

«ይህን በምን አወቅህ?»

እሱም እንደ ክፍል ትምህርት ሳይሆን ቀስ ብሎ፣ በአክብሮት አስረዳት። ስለ አእምሮ፣ ስለ ደም፣ ሰው ስለሚፈራውና ስለሚመኘው። እናቴ ያልገባትን እየጠየቀች፣ የገባትን ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ? የተማርከው አንድ ነው። ምን ትላለህ?»

«እማየ፣ ፀሐይዋ ይብስ ሳትከር እንሂድ» አልኳት።

ተነሳን። ጌታሁን እስከ ወንዛዬ ድረስ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ፣ ድንጋይ በበዛበት ሁሉ በሌላ እጁ እሷን እየደገፈ ሄደ። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ሁለቱን ማየት አቃተኝ። እውነቱን የነገራት እሱ ነው፤ ደግፎ የያዛትም እሱ ነው። እኔ ግን ከሁለቱ አንዱንም አላደረግሁም።

ወንዛዬ

ፍል ውሃው በድንጋይ የተከበበ ነው፤ እንፋሎቱ ከሩቅ ይታያል። ሕመምተኛው ከደራም ከእስቴም መጥቶ በቅጠል ዳሶች ሰፍሯል። ወንድና ሴት በተራ ይገባሉ። እናቴን ለሴቶቹ አስረክበን እኛ ከዛፍ ሥር ተቀመጥን። ጌታሁን ውሃው ከመሬት ውስጥ እንዴት እንደሚሞቅ ሲነግረኝ አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ ወዲያ ማዶ ነበር። ሴቶቹ ሲገቡ ጮክ ብለው የሥላሴን ስም ይጠራሉ። የእናቴን ድምፅ ከሺህ ለይቼ አውቀዋለሁ። አልሰማሁትም።

ደግፋ ያስገባቻት ሴት ልብሷን እየጨመቀች መጣች። «እናትህ ምን ሆነች?» አለችኝ። «አላማተበችም፣ አልጸለየችም። እንዲሁ እንደ ወንዝ ውሃ ገብታ ወጣች።»

ለጌታሁን ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ ፊቱ ጠቆረ። «የላሟን ነገር እንድትተው እንጂ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«እንድትተው እንጂ ምን?»

«እንጃ» አለ። «ሌላው አብሮ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም።»

ጥቂት ቀን ሰነበትን። ጉልበቷ ተሻላት፤ ያለ ምርኩዝ ጥቂት ጥቂት መራመድ ጀመረች። ሌላው ሕመምተኛ ሲሻለው እልል ይላል። እናቴ ግን ምርኩዟን ብብቷ ሥር ይዛ «ሙቀቱ ነው» አለች፤ ጌታሁን ስለ ውሃው የነገራትን ነው የደገመችው። ከአፉ ሲወጣ ትክክል የነበረ ቃል ከእሷ አፍ ስሰማው እንግዳ ሆነብኝ።

ወረታ ተመልሰን

ጌታሁን ከወረታ ወደ ጎንደር ቀደመኝ። እናቴ ለጎረቤቶቿ ድግስ እንደሌለ፣ ቡሬም እንደማትታረድ ነገረቻቸው። ግማሾቹ «ደግ አደረግሽ፣ በምን ልትኖሪ» አሏት፤ ግማሾቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ወተቱ እንደ ወትሮው ታለበ። እኔም ላሟን ባየሁ ቁጥር ጌታሁን ትክክል ነው እላለሁ።

እናቴ ግን የእህቴን ነጠላ ከግድግዳው አውርዳ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚያ ማንም አላነሳውም ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ እህቴ አታወራም። እኔ ሳነሳ ወሬ ትቀይራለች። ሸማኔው ጎረቤታችን አያ ይርጋ ሊጠይቃት መጥቶ፣ ሲወጣ ደጅ ላይ «ዘንድሮ ገና የሞተችባት ትመስላለች» አለኝ።

የሙት ዓመቱ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሽምብራ ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማየ፣ ትንሽም ቢሆን አድርጊላት።»

«ለማን?»

«ለልጅሽ።»

«የት ላለችው?»

ከሽምብራው አንድ እፍኝ አንስቼ መልቀም ጀመርኩ።

«እውነት ነው ብለህ ነው የምትለኝ» አለች፣ «ወይስ አዝነህልኝ?»

ያን ጊዜ መዋሸት እችል ነበር። ሾላው ሥርም ችዬ ነበር። «አዝኜልሽ ነው» አልኳት። «እኔም እንደ ጌታሁን አላምንም። ካቆምኩ ቆይቷል። ግን አንቺ እንድትተዪ አልፈልግም።»

እጇ ሽምብራው ላይ ቆመ። «ይኸ ምን ዓይነት ነገር ነው? አንተ የጣልከውን እኔ ተሸክሜ እንድኖርልህ ነው?»

«አላውቅም እማየ።»

«እኔም አላውቅም» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ያ ልጅ ሲነግረኝ እውነት መሰለኝ። ቄሱም ሲነግሩኝ እውነት ይመስለኛል። አሁን ማታ ማታ ስሟን ልጠራ እልና አፌ ይያዛል። ማን ይሰማኛል እላለሁ።»

በማግስቱ የለቀመችውን ሽምብራ ንፍሮ ቀቀለች፤ የቡሬን ወተት በቅል ሞላች። ላሟ አልታረደችም። ንፍሮውን እኔ ተሸክሜ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የነፍስ አባቷ የድግሱን ማነስ አላነሱም፤ «የክርስትና ስሟ ማን ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁ። እናቴ ዝም አለች። የረሳች መስሏቸው ጠበቁ። እኔ ግን እንዳልረሳች አውቃለሁ።

«ወለተ ማርያም» አልኩ።

ጸሎቱ ተደርሶ ስሟ ሲጠራ የተሰበሰበው ሰው «ነፍስ ይማር» አለ። እኔም አልኩ፤ ድምፄ ከሁሉም በልጦ ሳይጮህ አልቀረም። እናቴ ዞራ አየችኝ። ትንሽ ቆይታ፣ ሰው ሁሉ ከጨረሰ በኋላ፣ ብቻዋን «ነፍስ ይማር» አለች። ከልቧ ይሁን ለእኔ ብላ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ጎንደር

ወደ ጎንደር ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጬ ያለፈውን ሁሉ ሳስብ መጣሁ። ጌታሁን ዝም ቢል ኖሮ ቡሬ ታርዳ ነበር፤ እናቴም በሚቀጥለው ክረምት ትቸገር ነበር። በመናገሩ ላሟ ተረፈች፤ የእናቴ አፍ ግን ተያዘ። የማላምንበትን እንድታምን የለመንኳትን ራሴን ምን እንደምለው አላውቅም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ አንድ ሰው አንዲት እምነት ብቻ ነቅሎ ሌላውን እንደነበረ ሊተወው እንደማይችል ነው። እውነቱን ደብቆ መኖርም ከዚያ አይሻልም። መሃሉ የት እንደሆነ አላገኘሁትም።

ጌታሁን መናኸሪያው ድረስ መጥቶ ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ስለ ጉልበቷ ጠየቀኝ፤ ስለ ላሟ ጠየቀኝ። ስለ ንፍሮውና ስለ ጸሎቱ ስነግረው ቆመ።

«ነፍስ ይማር አልክ? አንተ?»

«አልኩ።»

«ታምናለህ እንዴ?»

«አላምንም።»

«ታዲያ ዋሸህ?»

«የዋሸሁ አልመሰለኝም» አልኩት። «ስሟ ሲጠራ ዝም ማለት አልቻልኩም።»

ይከራከረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሻንጣዬን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛውሮ ጥቂት መንገድ ከሄድን በኋላ፣ ወደ እኔ ሳያይ «ለመሆኑ ስሟ ማን ነበር?» አለ።

«አስናቀች።»

ቀስ ብሎ፣ ለራሱ፣ አንድ ጊዜ ደገመው።