አምስተኛው ቤት

እኔ ቁጭ ብዬ የምውል ሰው አይደለሁም። ዳንግላ ታሪክ ሳስተምር እንኳ ከሰሌዳው እስከ በሩ እየተንጎራደድኩ ነበር። የባሰብኝ ግን ሁለት ሺህ አስር ገደማ ነው። ተማሪዎቼ ሞባይላቸው ላይ ያነበቡትን ይዘው እየመጡ «ይህን አገር መጀመሪያ የያዘው ማን ነው?» እያሉ ይነታረካሉ። እኔ «ማስረጃ አምጡ» እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዷ ልጅ «መምህር፣ እርስዎስ ምንድን ነዎት?» አለችኝ። አባቴ ያስተማረኝን መለስኩላት፤ ዘራችን ከዓባይ ማዶ የመጣ አማራ ነው አልኩ። ግማሹ ክፍል ሳቀ። ሳቁ አልለቀቀኝም፤ እኔም ከልቤ አላምነውማ። አባቴ አገውኛ አልሰማም ይላል፤ ፈረሱን የሚቆጣው ግን በአገውኛ ነው።

በዚያው ሰሞን እንጅባራ ከአባቴ ጋር የምትኖረውን ታናሽ እህቴን አንድ የጥሊሊ ልጅ ሊያገባት ሽማግሌ ላከ። የከብት ሐኪም ነው፤ ሁለት ዓመት ተዋደው ኖረዋል። አባቴ «አገው ነው» ብሎ ትንሽ ቢያጉረመርምም ልጁን ሲያየው ወደደው። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ሁለቱም ወገን ሰባት ቤት አያት ይቆጥራል። ከሰባት ቤት ወዲህ የሚያገናኝ አያት ከተገኘ ዘመድ ናቸውና ጋብቻ የለም። አባቴ የእኛን እንድጽፍለት ጠራኝ። እስከ አራተኛው ቤት ድረስ እንደ ዳዊት ደገመው። አምስተኛው ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከዓባይ ማዶ የመጣ ደብተራ ነው» አለና ስድስተኛውንና ሰባተኛውን አድበስብሶ አለፈ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? በማግስቱ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ወደምትኖረው የአባቴ ታላቅ እህት በእግሬ ሄድኩ። ከሐይቁ በላይ ድንች ስትቆፍር አገኘኋትና ስለ አምስተኛው አያት ጠየቅኋት።

«የምን ዓባይ ማዶ?» አለችኝ ጎንበስ እንዳለች። «እዚሁ ነው የተወለደው፤ አገው ነው። ሁለት ወንድማማች ነበሩ። ታላቁ ዜማ ተምሮ የቤተ ክርስቲያን መሬት ሲያገኝ አገውኛ ስሙንም ዘመዱንም ተወ። እኛ የሱ ነን።»

«አባባ ይህን ያውቃል?»

«ከኔ ጋር አይደል የሰማው? አስኳላ ሲገባ በአገውኛ አፉ ሳቁበት፤ ከዚያ ወዲህ ረሳሁት አለ። አንተም ተወው ልጄ፤ ደስ አይለውም።»

መተው የት አውቄ። ማታውኑ ለእህቴ ነገርኳት። አልተደሰተችም። «አሁን ይህን ብታነሳ አባባ አኩርፎ ሁሉንም ያፈርሰዋል። ከሠርጉ በኋላ የፈለግከውን ጻፍ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ያን ጊዜ ከልቤ ነበር።

ቆጠራው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእኛ ቤት ሆነ። እህቴ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆማ ትሰማለች። ልጁም ከእንግዶቹ ጋር መጥቶ ጥግ ይዟል። መጀመሪያ አያቱ ቆጠሩ። አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ «ይኸኛው ዘንገና ተወልዶ ጥሊሊ የገባ ነው። አንድ ታላቅ ወንድም ነበረው፤ ቤተ ክህነት ገብቶ ጠፋብን» አሉ። የእነሱ አምስተኛና የእኛ አምስተኛ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አባቴን አየሁት፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። እኒሁ ሽማግሌ «እንግዲህ እርስዎ ይቁጠሩ» አሉት።

ዛሬ፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ብዬ ነው ማለት እችላለሁ። ለንስሐ አባቴም ያልኩት ይህንኑ ነው። ግን አይደለም። በዚያች ደቂቃ እህቴን አላሰብኳትም። ያሰብኩት የክፍሉን ሳቅ ነው፤ አባቴን መርታትም ፈልጌ ነበር። ተነሳሁና ወረቀቱን ዘረጋሁ። አምስተኛው ላይ ስደርስ አክስቴ የነገረችኝን ሰው ከነአገውኛ ስሙ ጠራሁት።

ሽማግሌው ተነስተው አባቴን አቅፈው ሳሙት። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ። አማች ልንሆን መጥተን ወንድማችንን አገኘን» አሉ። እንግዶቹ ሁሉ በአገውኛ ያወሩ ጀመር። አባቴም በዚያው ቋንቋ መለሰላቸው፤ በሰው ፊት ሲናገረው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ጠላ ተቀዳ። ስለ ጋብቻው ያነሳ አልነበረም፤ ማንሳትም አያስፈልግም። ልጁ ያልጠጣውን ብርጭቆ ይዞ ጥጉን እንደያዘ ቀረ። ጓዳ ስገባ እህቴ ለእንግዶቹ ወጥ ታወጣለች። አላለቀሰችም፤ ቀና ብላም አላየችኝም።

ልጁ በሁለተኛው ዓመት ሌላ አገባ። ዘመድ ነንና ተጠራን። እህቴን ቅሪ ብላት «ዘመድ ይቀራል እንዴ?» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ቀደመችኝ። ድንኳኑ በር ላይ ልጁ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህቴ» ብሎ ጨበጣት። እሷም እንኳን ደስ አለህ አለችው።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ፤ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። በመጨረሻ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እኔ ባልናገርም መውጣቱ አይቀርም ነበር» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል» አለች መንገዱን እያየች። «ግን ሽማግሌው የጠየቁት አባባን ነበር። በመጋረጃው ቀዳዳ አየው ነበር። አፉን ሊከፍት ሲል ነው አንተ የተነሳኸው። ለኔ ብሎ ምን ሊል እንደነበር አሁን ማን ይነግረኛል?»