ባለ ጦሮቹን ማን ይሸፍናቸዋል?

የመንቀሳቀሻ ትእዛዝ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሻምበላችን በሰሜን ግንባር አንዲት ራሰ በራ ኮረብታ ይዛ እንዳትለቅ ታዘዘች። ያዝናት። እኔ የመትረየስ ተኳሽ ነበርኩ። ከእኔ ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ታች፣ በፊተኛው ምሽግ ውስጥ፣ ክላሽ የያዙ ስምንት ጓዶቼ ነበሩ። ደንባችን ቀላል ነበር። የጥይት ሰንሰለት ስቀይር «ሽፋን!» ብዬ እጮሃለሁ። እነሱ ከምሽጋቸው ተነስተው ይተኩሳሉ። መትረየሱ እንደገና ሲጀምር ይቀመጣሉ።

ከስምንቱ አንዱ ከድር ነበር፤ እንደ እኔ የሀዋሳ ልጅ። አባቱ ሀጂ ነስሩ እዚያው ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ከድር ከእረፍት ሲመለስ ሁላችንም ቆሎና በሶ ስንጠብቅ ግማሽ ጣቃ አቡጀዲ ተሸክሞ መጣ። «ምነው፣ ሱቅ ልትከፍት ነው?» ብለን ሳቅንበት። እሱ ግን ቆራርጦ ለተኳሾች አደለን።

«ሰንሰለቱን ጠቅልልበት» አለኝ። «አቧራ ከገባበት ይነክስብሃል።»

መንከስ የምንለው መሣሪያው ተይዞ አልተኩስ ሲል ነው። እንዳለኝ ጠቀለልኩት፤ ለሁለት ሳምንት ያህል እንደዚያው ኖረ።

ውጊያው በመጣብን ቀን ንጋት ላይ ነፋሱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ነበር። አቡጀዲውን ፈትቼ አንገቴ ላይ ጠመጠምኩት። ያደረግኩት ይኸው ነው። ሰንሰለቱ አፈር ላይ ተዘርግቶ ቀረ፤ ነፋሱም እስኪረፍድ ድረስ አቧራውን ሲያለብሰው ቆየ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መልሶ ማጥቃት መጣብን። የመጀመሪያውን ሰንሰለት ጨረስኩ። «ሽፋን!» አልኩ። ስምንቱም ተነሱ። አዲሱን አጎረስኩ። ሁለት ጥይት ተኩሶ ነከሰ። ከፈትኩት፣ ጠረግኩት፣ ዘጋሁት። እንደገና ነከሰ። ቀና ስል አምስት ሰው ቆሟል። ጎንበስ ብዬ ሠራሁ። ቀና ስል ሦስት። ከድር ዞሮ እንኳ አላየኝም። በመጨረሻ መትረየሱ ጮኸ፤ ኮረብታዋም አልተለቀቀች።

እናንተ ልጆች ጦርነቱ እዚያ ላይ የሚያልቅ ይመስላችኋል። ለእኔ የከፋው ክፍል ሀዋሳ ነበር።

የከድር መርዶ ለቤተሰቡ ከተነገረ በኋላ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ሀጂ ነስሩ ከእንግዶቹ መሃል እጄን ይዘው «እንዴት ነው የሞተው?» አሉኝ። «ሻይ እየጠጣን ሳለ መድፍ መጣ። አልተሰቃየም» አልኳቸው። ጆሯቸው ይከብዳቸው ስለነበር አልሰሙኝም። «ድገምልኝ» አሉ። ውሸቴን ለቅሶ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማው ድረስ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ሰው ሲያዝን እንዲህ ይባላል፤ ማጽናኛ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ያጽናናሁት ራሴን ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሀጂ ነስሩም አረፉ። የከድር ታናሽ ወንድም ሙባረክ የጨርቁን ሱቅ ወደ ኮምፒውተር ቤት ቀየረው። እኔ ከሠራዊቱ ወጥቼ መሃል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ገብቼ ነበር። አንድ ቀን አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ማመልከቻ ላስተይብ ወደ ሙባረክ ጎራ አልኩ። ጸሐፊዋ ስትተይብልኝ እሱ በሌላው ኮምፒውተር የጥንት ጦርነት ይጫወታል። ግማሹ ሠራዊቱ ረጅም ጦር፣ ግማሹ በአፈሙዙ የሚጎርስ የድሮ ጠመንጃ ይዟል። ሙባረክ ባለ ጠመንጃዎቹን ከፊት አሰልፏል። አንድ ጊዜ ይተኩሱና ሲያጎርሱ የጠላት ፈረሰኛ ይረጋግጣቸዋል።

ዝም ማለት አቃተኝ። «ባለ ጦሮቹን ከፊት አቁማቸው» አልኩት። «ጠመንጃው ከኋላ ዳገቱ ላይ ይሁን፤ ከአናታቸው በላይ ይተኩሱ።»

ሞከረው። ባለ ጦሮቹ የሸሸ ፈረሰኛ ሲያሳድዱ መስመሩ ተከፈተና ተሸነፈ።

«ማሳደድ ከልክላቸው። ከቦታቸው ንቅንቅ እንዳይሉ እዘዝ።»

በሦስተኛው አሸነፈ። ኮምፒውተሩ የሞተውን ቆጥሮ አወጣ። ከባለ ጠመንጃዎቹ የወደቀ የለም። ከአርባ ባለ ጦሮች የቀሩት ስድስት ናቸው።

ሙባረክ ቁጥሩን አፍጥጦ አየው። «ጋሼ ማቴዎስ፣ ጠመንጃው ሲያጎርስ እነዚህ ይሸፍኑታል። እነዚህንስ ማን ይሸፍናቸዋል?»

«ማንም» አልኩ።

ድምፄ ሳይከዳኝ አልቀረም፤ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «እርስዎ መትረየስ ነበር አይደል የሚተኩሱት? ከድርስ?»

ጸሐፊዋ ወጥታ እስክትሄድ ጠበቅኩና ነገርኩት። ኮረብታዋን፣ ነፋሱን፣ አንገቴ ላይ የጠመጠምኩትን የአባቱን አቡጀዲ፣ ሁሉንም። ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝም ደስ ባለኝ።

«ስንት ደቂቃ ቆሙ?» አለኝ።

«አላውቅም። እስክጨርስ ድረስ።»

ጨዋታውን ዘጋው። ከዚያ፣ «አባባ እኮ ሰው በጠየቀው ቁጥር ‹ልጄ ሻይ እየጠጣ ሞተ› ሲል ነው የኖረው» አለ። «የሌላው ሰው ልጅ ሲዋጋ ወደቀ ሲባል እሱ አንገቱን ይደፋ ነበር። ይህን ሳይሰማ ሞተ።»

እኔ ሃያ ጊዜ ያሰብኩት ስለ ጥፋቴ ነበር። ከከድር ምን እንደወሰድኩበት፣ ከአባቱም ምን እንደቀማሁ፣ አንድም ቀን አላሰብኩም። አፈርኩ።

ሙባረክ ማመልከቻዬን አትሞ ሰጠኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚሁ ይምጡ» አለኝ።

በማግስቱ በባጃጅ ወደ ሙስሊሞች መካነ መቃብር ወሰደኝ። ከሀጂ ነስሩ መቃብር አጠገብ ሲደርስ እጆቹን ዘርግቶ ጸለየ። ሲጨርስ «ይንገሩት» ብሎ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ።

ሌላ ስለማላውቅ ለአዛዥ ሪፖርት እንደሚደረገው ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሰንሰለቱን ያላለበስኩት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ሽፋን ስጠራ ስምንት ሰው መነሳቱን፣ ሰባቱ መሰዋታቸውን፣ አንዱ በአንድ እግሩ መትረፉን ተናገርኩ። ደስታ፣ ሀጎስ፣ ዱካሞ፣ ታሪኩ፣ ገመቹ፣ አያሌው ብዬ ጠራሁ። ሰባተኛው ልጅዎ ከድር ነስሩ ነው አልኩ፤ ተቀመጥ እስኪባል የቆመ፣ ጀርባውን ለጠላት ያልሰጠ። የመጨረሻው ቃል በሹክሹክታ ነው የወጣው።

ሙባረክ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቆሟል።

«ጮክ ብለው ይድገሙለት፣ ጋሼ» አለኝ። «አባባ ጆሮው ይከብደዋል።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከዘጠኝ ሰዓቱ ትእዛዝ ጀመርኩለት።