እንደ ጠላ ያስቀመጥኩት ቤንዚን

የእህቴ ልጅ ያሬድ ባለፈው ሳምንት አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዝቶ እንጅባራ ቤቴ ድረስ እያንደቀደቀ መጣ። ካርቡሬተር ያለው፣ በእግር ተረግጦ የሚነሳ የድሮ ሞተር ነው። ቤንዚን አንድ ቀን ተገኝቶ ሦስት ቀን ስለሚጠፋ ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ደጄ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ደረደረልኝ።

«አንሳው ከዚያ!» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያማ ማን ያስቁመኝ! መጀመሪያ መዳፍህ ላይ ጠብ አድርገህ እየው፤ ወዲያው ከደረቀ ደህና ነው፣ ቅባት ከተወ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል። ከእሳት አርቀህ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። ክዳኑን አጥብቀው። ብዙ አታቆየው። ሞተሩን ለረጅም ጊዜ የምታቆመው ከሆነ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን አፍስሰው። ልጁ አፉን ከፍቶ ሲሰማኝ ቆየና «አክስቴ፣ ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው?» አለኝ።

ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ «ሥልጠና ላይ ነው» እያልኩ ነው የኖርኩት። ውሸት ነው።

ያኔ ዳንግላ ላይ በእንስሳት ጤና ረዳትነት የተቀጠርኩ ለጋ ልጅ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ ሞተር ከእኔ ብዙም አያንስም፤ ሴት ሆኜ ስነዳው ደግሞ የገበያ ሰው ሥራ ፈትቶ ይቆምልኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ሰኔ ሊገባ ሲል ቤንዚን በጀሪካን ገዝቼ በተከራየሁት ቤት በረንዳ ላይ አስቀመጥኩ። በማግስቱ ፀሐይ ሲያገኘው ጀሪካኑ ሆዱ ተነፋ።

እናቴ በአገው አገር አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ጠላ ትሸጥ ነበር። ያልተነፈሰ ጀሪካን ምን እንደሚያደርግ ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ አንዴ ፈንድቶ ግድግዳችንን ጠላ አጠጥቶታል። ስለዚህ ብልሃተኛዋ እኔ ክዳኑን አላልቼ፣ አፉን በንጹሕ ሻሽ አሰርኩለት። ጥላ ውስጥ ባስገባው በራሱ ይረግብ እንደነበር ማን ይንገረኝ? ያን ክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ሞተሩ ቆመ፤ ቤንዚኑም አፉ በሻሽ እንደታሰረ ከረመ።

መስከረም ላይ ከአንድ ተራራ ሥር ካለ ቀበሌ ፈረስ በበሽታ እያለቀ ነው የሚል መልእክት መጣ። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ተልኮልን ነበርና ቅዳሜ ጠዋት ገበሬው ፈረሱን ሰብስቦ እንዲጠብቀኝ ተነገረው። በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ ተበላሸ፤ ሌላ እስኪመጣ ደግሞ ስንቱ ፈረስ ያልቃል። ሞተሩ ከብዙ ርግጫ በኋላ ተነሳ። ከከተማው ወጥቼ ዳገቱን ስጀምር ሳል ያዘው፤ አጋማሹ ላይ ቀጥ አለ። ብረግጠው፣ ብገፋው፣ ብለምነው ወይ ፍንክች።

ሳጥኑን ታቅፌ ላለቅስ ስል አያ ፈንታሁን ደረሱ። በጋሪያቸው ለማደያው በርሜል የሚያመላልሱ፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸው ሰው ናቸው።

«ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ?»

የፈረስ ክትባት መሆኑን ስነግራቸው ከጋሪው ዘለው ወረዱ። «ነይ ውጪ! ግን መጀመሪያ ይህን ዳማ ፈረሴን ውጊልኝ።»

ለመዋሸት አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። አልቻልኩም። «አያ፣ ዛሬ ተወግቶ ዛሬ አያድነውም፤ ቀናት ይፈልጋል። የምንሄደው ደግሞ የታመሙት መሃል ነው፤ ልዋሽዎት አልችልም።»

የዳማውን ጋማ ደባበሱት። ቤተሰቡ ሁሉ የሚያድረው በዚያ ፈረስ ነበር።

«በሽታው ካለበት መንደር ወዲህ እስካለው ድልድይ አደርስሻለሁ» አሉኝ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ዳማውን ፈትተው ጥላ ሥር አሰሩት፣ ሣር አቀረቡለት። ከዚያ ሳጥኑን አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

«እንዴ፣ እርስዎ ወዴት?»

«ፈረሴ ይቀራል። እኔ ፈረስ አይደለሁ፣ ምን ይይዘኛል?»

በሁለቱ ወገን ኑጉ ማበብ ጀምሯል፤ ከየጎጆው የእሸት በቆሎ ጥብስ ይሸታል። ሞተሩ ለምን እንደቆመ ሲጠይቁኝ የሻሹን ነገር ነገርኳቸው። ሳጥኑን መሬት አስቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ቤንዚን በሻሽ! ኃይሉማ በንኖ ሄዷል ልጄ፤ አንቺ የጨመርሽለት አተላውን ነው።»

አብሬያቸው ሳቅኩ። ግን ይህ ወሬ ዳንግላ ቢገባ መሳቂያ ሆኜ እቀራለሁ፤ ሞተሩንም ይቀሙኛል።

ስንደርስ ሰዉ ተሰላችቶ ገሚሱ ፈረሱን እየፈታ ነው። አንድ ሽማግሌ ከልጅነቴ በማውቀው አገውኛ «ሞተር ለሴት ሰጥተው ይኸው አረፈደችብን» ሲሉ ሰማሁ። አያ ፈንታሁን እኔ አገውኛ የማልሰማ መስሏቸው በዚያው በአገውኛ መለሱ፦

«እሷን አትውቀሱ፣ በጠዋት ነው የተነሳችው። በጋሪ አደርስሻለሁ ብዬ ያስዘገየኋት እኔ ነኝ።»

ስድቡ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ለሰው ንብረት ደንታ የለህም፣ አንተም ፈረስ አለኝ ትላለህ ተባሉ። አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ። በአገውኛ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

በረዶው ገና አላለቀም ነበር። የተሰበሰበውን ፈረስ ሁሉ ከተብኩ፤ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ አበሉን፤ ስንመለስ ድልድዩ ጋ ዳማውን ወጋሁት። ወሬው ዳንግላ አልገባም። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ «ሞተርሽ ደህና ነው?» ብቻ ብለው ፈገግ ይሉ ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ። እኔም አላመሰገንኳቸውም፤ ባመሰግናቸው ሰምቼ ዝም ማለቴን ያውቁብኛል ብዬ።

ለያሬድ ግን ሁሉንም ነገርኩት። በሻሹ ሲስቅ ቆየ፤ የሽማግሌው ወቀሳ ላይ ስደርስ ግን ሳቁን ተወ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አለኝ።

«ፈርቼ» አልኩት። ይህችን አንዲት ቃል ለመናገር ይህን ያህል ዘመን ፈጀብኝ፤ ስናገራት ግን ደስ አለኝ።