የመስታወት ቆራጩ መኪና

ባለቤቴ መስታወት ቆራጭ ነው። ሰፈርተኛው «መስታወቱ» እያለ ስለሚጠራው እውነተኛ ስሙን የምናስታውሰው እኔና እናቱ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ሱቁ ከፀጉር ቤቶቹ መደዳ ጫፍ ላይ ናት። ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ራሱን ነው፤ ከዚህ ግድግዳም ራሱን፣ ከዚያ ግድግዳም ራሱን። ባለሱቁን ለማግኘት ትንሽ መፈለግ አለበት። ከሁሉም ጀርባ፣ ከትልቁ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሷል።

መስታወት ሲቆርጥ አያወራም። መቁረጫው ጭርር ብሎ ሲያልፍ ትንፋሹን ይይዛል፤ ከዚያ ከሥር በጣቱ ነካ ሲያደርገው መስታወቱ ቀጥ ብሎ ይለያያል። ይህን ባየሁ ቁጥር ዛሬም ደስ ይለኛል። ያገባሁትም በዚሁ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። የምሠራበት መድኃኒት ቤት የመደርደሪያ መስታወት ሊገጥም መጥቶ፣ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ጠርዙን ሁሉ በመዳፉ ዳበሰው። «እጅሽን እንዳይቆርጥሽ ብዬ ነው» አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ እጄ የተጨነቀ ሰው አልገጠመኝም ነበር።

አንድ አመል ግን አለበት። ቀኑን ሙሉ ከመስታወት ፊት ስለሚውል ግራና ቀኝ ጭንቅላቱ ውስጥ ይገላበጡበታል። ፎቶ ሲያይ ማን እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት «ተገልብጧል ወይስ አልተገለበጠም?» ይላል። የእህቴን የሰርግ ፎቶ አይቶ «ይሄ በመስታወት ውስጥ የተነሳ ነው፣ ቀለበቱ የሌላኛው እጅ ነው» አለ፤ እህቴ ስትጠየቅ እውነት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ቤታችን ውስጥ የሚከራከረው የለም። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እናቱ የሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ማዳመጫውን አንድ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖሩ። የወለደችውም፣ የዳነውም፣ የሞተውም መጀመሪያ የሚሰማው በእሳቸው ጆሮ ነበር። የሰሙትን ግን አንድም ቀን ቤት ይዘው አልገቡም። ድምፃቸው ዛሬም ያው ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ግን እምቢ የማይባል። እኛ ቤት ሲመጡ ከግድግዳው ጥግ ያለችው ወንበር የእሳቸው ናት፤ ግራ ትከሻቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ይቀመጣሉ፣ ሌላ ቦታ አይሆናቸውም። መንገድ ስንሄድም ሁልጊዜ በግራዬ ናቸው። የትልቅ ሰው አመል ነው ብዬ ልብ ሳልለው ቀረሁ።

የሚኖሩት ከከተማው ዳር፣ ከኮረብታው አናት ላይ ነው። የባለቤቴ አባት ካረፉ በኋላ ልጅየው እናቴ ብቻዋን መኖር የለባትም ብሎ ወሰነ። መወሰኑስ ባልከፋ፤ እሳቸውን ሳይጠይቅ የጭነት መኪና ይዞ ዕቃቸውን ሊያወጣ ሄደ እንጂ። አማቴ በራቸው ላይ ቆመው ሹፌሩን «ልጄ፣ ቤት ተሳስተሃል» አሉትና መኪናውን ባዶውን መለሱት። የገዛ ልጃቸውን ግን አንዲት ቃል አልተናገሩትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ለጉልበታቸው ሕክምና የሚያመላልሳቸው እሱ ሆነ። ትንሿ መኪናችን ኮረብታውን አትወጣም፤ ድንጋዩ ሆዷን ይፈጨዋል። አማቴ ደግሞ ሰው መጥቶ እስኪደግፋቸው የሚጠብቁ አይደሉም። በምርኩዛቸው ቀድመው ይወርዱና ከአስፋልቱ ዳር ቆመው ይጠብቁታል። ጋቢና ይገባሉ፣ መስኮት ካልተከፈተ ስለሚያቅለሸልሻቸው መስኮቱን እስከ ታች ያወርዳሉ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ይቀመጣሉ። እስኪደርሱ ዝም።

«ሰው ፊት ታወራኛለች» አለኝ አንድ ቀን። «ብቻችንን ስንሆን ነው የምትዘጋኝ። ቂም ይዛብኛለች።»

«ይቅርታ ጠይቃቸዋ» አልኩት።

«ጠይቄያት የለ! እየነዳሁ፣ ስለ ጭነት መኪናው ይቅር በይኝ አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ ደግሞ ‹ዛሬስ ሊዘንብ ነው መሰለኝ› አለችኝ።»

ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ግራ ገባኝ። ኩርፊያ የማይወዱ ሴት እንዴት እንዲህ ይጨክናሉ?

ብዙም ሳይቆይ እራት ላይ «መኪና ልንገዛ ነው» አለ።

«መኪና አለን እኮ።»

«ሁለተኛ። ፎር ዊል። ያገለገለም ይሁን፣ ብቻ በሯ ድረስ የሚወጣ። ከበሯ ላይ ካነሳኋት ልቧ ይራራልኝ ይሆናል።»

ስለ ቤንዚኑም፣ ስለ ማቆሚያውም፣ ስለ ልጆቹ ጫማም የምለው ነበረኝ። ፊቱን ሳየው ተውኩት። ይቅርታ በቃል አልሆን ሲለው በጎማ ሊሞክር ነው አልኩ በሆዴ።

ደላላው ያገለገሉ መኪናዎችን ከባሕር ማዶ የሚያስመጣ ሰው ነው። የእኛዋ ገና መርከብ ላይ ነበረች፤ ፎቶዋ ግን ቀድሟት በስልክ ደረሰ። ቁመቷ ያምራል፣ ጎማዎቿ ዳገት የለመዱ ይመስላሉ፣ ሰሌዳዋ በወረቀት ተሸፍኗል። የውስጧን ፎቶ ሲያሳየኝ፣ «መሪው በቀኝ በኩል ነው እኮ» አልኩት።

ፊደል ያልለየ ተማሪ እንደሚታይ አየኝ። «ተገልብጦ ነው» አለ። «በስልክ የፊት ካሜራ ነው ያነሱት፤ እሱ ደግሞ እንደ መስታወት ነው። ጽሑፍ ቢኖርበት አሳይሽ ነበር። ይሄንን ለእኔ ተዪው።»

ሙያ በባለሙያው ያምራል ብዬ ተውኩለት። ለደላላው ሲደውልም መሪው ደህና መሆኑን ጠየቀ እንጂ በየት በኩል እንደሆነ አልጠየቀም። «አንደኛ ነው» አለው ደላላው። ሰውየው አልዋሸም።

መኪናዋን ልንረከብ የሄድን ቀን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ግቢው ውስጥ ዞር ዞር ብሎ አያት፣ የስፖኪዮዎቿን መስታወት በጣቱ አንኳኳ፣ ረካ። ከዚያ በግራ በር ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። የያዘው አየር ነው። እጁን ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊት ማየት ጀመረ። ሹፌሩ ለሻይ ወርዶ የቀረበት ተሳፋሪ መሰለ። እኔ ሳቄን ልደብቅ ጎማውን የምመረምር መሰልኩ።

«ምነው፣ ፎቶውን አላየኸውም ነበር?» አለ ደላላው።

«አይቼዋለሁ» አለ ባለቤቴ። ሌላ ምን ይበል?

ሰፈር ስንደርስ ጎረቤታችን መካኒኩ ከሩቅ አይቶን ቱታውን እንደለበሰ መጣ። መኪናዋን አንዴ ዞራትና «መስታወቱ፣ ይቺን ከራስህ ሱቅ ነው የገዛሃት?» አለው። ሰፈሩ አንድ ሳምንት በዚህ ሳቀ። የፍሬቻውና የዝናብ መጥረጊያው ማብሪያም ቦታ ተቀያይረዋል። ባለቤቴ ሊታጠፍ ፍሬቻ አበራሁ ሲል በጠራራ ፀሐይ መጥረጊያው ብድግ ይላል። እኔም አልማርኩትም፤ «ሙያው ነው፣ መስታወት ሳይጠርግ አይታጠፍም» እያልኩ ለሰው አወራሁ።

እሱ ግን አልሳቀም። «ለእሷ አንድ ነገር ልሥራ ብል ይኸው» አለ። «እሸጠዋለሁ።»

«መጀመሪያ እናትህን አምጣበት» አልኩት። «ከዚያ ትሸጠዋለህ።»

በሕክምናቸው ቀን አብሬው ሄድኩ። ወድጄ አይደለም። መሪው በቀኝ ሲሆን ከፊት የቆመ ትልቅ መኪናን ለመቅደም ሹፌሩ መንገዱን አያየውም፤ ከግራው የተቀመጠ ሰው አንገቱን አውጥቶ መንገር አለበት። እኔ «ሂድ» ስል እሱ ይቆማል፣ «ቁም» ስል ይሄዳል። እየተጨቃጨቅን ኮረብታው ሥር ደረስን። ዳገቱን ግን መኪናዋ ምንም ሳይመስላት ወጣችው። ያንን ድንጋይ ሁሉ ከሥሯ አስቀርታ አማቴ በር ላይ ስትቆም፣ ተመስገን አልኩ፤ የዚያን ቀን ከዚህ የበለጠ የማመሰግንበት ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።

አማቴ ወጥተው መኪናዋን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ እንደ ልማዳቸው ወደ ቀኝ በር ሄዱ። ከፈቱትና መሪውን አዩት።

«እኔ ነኝ እንዴ የምነዳው?» አሉ።

ባለቤቴ በግራ በኩል ወሰዳቸው። ከመስታወት ማሸጊያ እንጨት የሠራትን መርገጫ አውጥቶ መሬት ላይ አደረገላቸው፤ ጠርዟን ሁሉ ሞርዶታል። እሳቸው ጋቢና ገቡ፣ እኔ ከኋላ ሆንኩ። መስኮቱ እንደ ሁልጊዜው እስከ ታች ወረደ።

አስፋልቱ ላይ ከወጣን በኋላ ድንጋይ የጫነ መኪና ከፊታችን ተገተረ። ባለቤቴ አንገቱን ወዲያና ወዲህ አለ። ከዚያ ለራሱ፣ በአፉ ውስጥ፣ «አሁን ይሄንን ማን አይቶ ይነግረኛል» ብሎ አጉረመረመ። እኔ እንኳ በግድ ነው የሰማሁት።

«እኔ እዚህ ምን ልሠራ ነው የተቀመጥኩት?» አሉ አማቴ። ወደ ውጭ ብቅ ብለው አዩ። «ቆይ፣ መስመሩ ተይዟል።» የዚያ የሆስፒታሉ ድምፅ ነበር። ከፊት አንድ አውቶቡስ አለፈን። «አሁን ነፃ ነው፤ ግባ።»

ገባ። ቀደመ። እኔን አንድም ጊዜ እንዲህ ታዝዞኝ አያውቅም። ወደ ሕክምናው መንገድ ሊታጠፍ ሲል ደግሞ መጥረጊያው ተነሳ።

«በዚህ ፀሐይ?» አሉ አማቴ።

«ፍሬቻ መስሎኝ ነው» አለ በቀስታ፣ አፍሮ።

ሳቁ። እንዴት አድርገው ሳቁ! ምርኩዛቸው ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ስለ ሱቁ ጠየቁት፣ መለሰ። ስለ ልጆቹ ጠየቁት፣ መለሰ። እሱ በሹክሹክታ ነው የሚናገረው፤ እሳቸው አንዱንም አልሳቱትም።

«ዛሬ ምን ተገኘ?» አሉት። «መሪ ከያዝክ እኮ አታወራም ነበር። አባትህም እንደዚያው ነበር፤ በእሱ ወጥቷል ብዬ ተውኩህ።»

«እኔ?» አለ። «እማዬ፣ እኔማ ሁልጊዜ አወራሻለሁ። አንቺ ነሽ የማትመልሽልኝ።»

አማቴ እጃቸውን አነሱና በመስኮቱ በኩል ያለውን ግራ ጆሯቸውን ነካ አደረጉ።

«ይሄኛው ከሞተ ቆይቷል» አሉ። «ማዳመጫው ጨረሰው። በጆሮዋ የኖረች ሴት ደነቆረች ከሚሉኝ ብዬ ደበቅኳችሁ።»

ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ የግድግዳው ጥግ፣ የመንገዱ ግራ፣ ሁሉም በአንዴ ገባኝ። በትንሿ መኪናችን የሞተው ጆሯቸው ወደ ልጃቸው ነበር፤ ደህናውን ደግሞ በተከፈተው መስኮት ንፋሱ ይወስደው ነበር። ልጅየው ያን ሁሉ ወራት ሲናገር የኖረው ከተዘጋ በር ጋር ነው። ሰፈሩ የሳቀበት፣ እኔ የቀለድኩበት መሪ ባይሆን ኖሮ እናትና ልጅ ሳይደማመጡ ይቀሩ ነበር። ብዙ ነገር አሳምረን አቅደን ገዝተናል፤ እንደዚህ ስህተት ያለ ግን እግዜር ሰጥቶን አያውቅም።

ባለቤቴ ዳር ይዞ ቆመ። ሞተሩን አጠፋ።

«ይቅርታ ጠይቄሽ ነበር» አለ። «ስለ ጭነት መኪናው።»

«መቼ?»

«ሊዘንብ ነው ያልሽኝ ቀን።»

አማቴ ትክ ብለው አዩት። «እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ይቅር አላለችኝም እያልክ ነው የምታመላልሰኝ?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። አንድም ሳምንት ቀርቶ አያውቅም።

እሳቸው ወንበራቸው ላይ ዞር ብለው ደህናውን ጆሯቸውን አስጠጉለት። «ድገመው እስቲ» አሉ።

ደገመው። እኔ ወደ ውጭ አየሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር የሁለት ሰው ነው።

«ይቅር ብዬሃለሁ» ሲሉት ሰማሁ። «ቤቴን ግን አልለቅም።»

«አትልቀቂ» አለ ባለቤቴ። ሞተሩን አስነሳና ወደ መንገዱ ሊገባ ፍሬቻ አበራለሁ ብሎ መጥረጊያውን አስነሳው። የዚያን ጊዜ አልሳቅኩበትም፤ እውነትም ማየት አቅቶት ነበር።