ለኮዬ ፈጬው ቤት መጋረጃ ፍለጋ

ከካምፓላ የተነሳሁት ሐሙስ ማለዳ ነው። የጉዞዬ ምክንያት መጋረጃ ነው ስል ሰው ይስቃል፤ አገር ለአገር ተሻግሮ መጋረጃ የሚገዛ ማን አለ? እኔ አለሁ። ባለቤቴ ደረጀ "ለመስከረም አገራችን እንገባለን" ብሎ ቆርጧል። የምንገባበት ደግሞ አዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ፣ ኮዬ ፈጬ በእጣ የደረሰኝ ኮንዶሚኒየም ነው። ሶፋው፣ ቡፌው፣ ምንጣፉ፣ አልጋው በየዓመቱ ለእረፍት በሄድን ቁጥር እየተገዛ ገብቷል፤ የሚያስገባው ደረጀ ነው፣ እኔ ዘመድ ጥየቃ ስለምሮጥ ቤቱን ደህና አድርጌ አይቼው አላውቅም። የቀረው መጋረጃውና የልጆቹ ክፍል ነው።

የምንኖርበት የካምፓላው ቤትስ? እሱ "የሰው ቤት" ነው። ዘጠኝ ዓመት ኖረንበታል፤ ግድግዳው ባዶ፣ ልጆቹ ፍራሽ ላይ፣ ከልብሳችን ግማሹ ሻንጣ ውስጥ። ደረጀ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል፤ ገንዘብ አጥቶ አይደለም። "እዚህ ቤት ላይ የምታወጪው ሁሉ ውሃ በላው በይ" ይላል፤ እኔም አምኜ ኖሬያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ትልቋ ልጃችን ሶልያና ግን ክፍሌን ቀለም ልቀባ ማለት ከጀመረች ቆየች። የአባቷ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "በሰው ቤት ቀለም? ይልቅ የኮዬው ክፍልሽ ምን እንዲመስል እንደምትፈልጊ አስቢ።" ባለፈው ወር እራት ላይ "እኔ የትም አልሄድም" ብላ ሰሃኗን ትታ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ሰላምታ እንኳ በግድ ነው።

እና መጋረጃው ሰበብ ነው። ዋናው ሥራዬ ያንን ቤት እሷ የምትወደው አድርጌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ልቧን ወደ አባቷ መመለስ ነው። ባይሆንልኝስ? እሷን በግድ ጎትቼ ላመጣ ነው ወይስ ከባሌ ልጣላ? አውሮፕላኑ ውስጥ ይህን ሳውጠነጥን ቁርሱን ሳልነካው መለስኩት። ስሜ ትዕግስት ነው፤ ስም ብቻ።

ሳሪስ አቦ

ከቦሌ በቀጥታ የሄድኩት ሳሪስ አቦ ገበያ ነው። የከባድ መኪናው ብዛት ታክሲውን ስንዝር በስንዝር ነው ያስኬደው። ሁለት ሱቅ አይቼ ሦስተኛው ገባሁ፤ ጨርቁ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ባለሱቁ ከድር ይባላል፣ ከስልጤ የመጣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ወይን ጠጅ መልክ ያለውን ጨርቅ ነካሁና ዋጋ ጠየቅኩ። ዋጋውን ትቶ፣

"ፀሐይ በየት በኩል ነው የሚገባው?" አለኝ።

"የት?"

"ሳሎንሽ። የጠዋት ነው የማታ? የማታ ፀሐይ ከሆነ ይሄ ቶሎ ይነጣል። ኋላ ከድር አታለለኝ እንድትይ አልፈልግም።"

ቤቱ በስሜ ነው፤ ፀሐይ በየት እንደሚገባው ግን አላውቅም።

"የራስሽ ቤት አይደለም እንዴ?"

"የራሴ ነው። ውጭ ስለምኖር ነው።"

"እሱስ ያስታውቃል" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን አልሳቀም።

ቤቱን የምትጠብቅልኝ ታናሽ እህቴ ገነት ናት፤ ከባሏ ከብርሃኑና ከሦስት ዓመት ልጃቸው ከአቤል ጋር እዚያው ትኖራለች። ደወልኩላት።

"ፀሐይ?" አለች። "እኔ እንጃ ትጌ። ሳሎኑ አይከፈትም እኮ።"

አይከፈትም ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ሳልጨርስ፣ "አንቺ የት ነሽ?" አለችኝ።

"ሳሪስ። አሁን እመጣለሁ።"

"ዛሬ? ነገ አይሻልም? ትንሽ ላሰናዳ" አለች።

እህቴ ናት። መምጣቴን ስትሰማ ስልኩ ውስጥ የምትዘል ልጅ ናት። ነገ ነይ ስትለኝ ነገሩ አላማረኝም። ሶፋውን ሸጣው ይሆን? ክፍሎቹን አከራይታ ይሆን? የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ተረት ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞር ጀመር። ከድር የማይነጣ ያለኝን ቡናማ ጨርቅ አወረደልኝ። ሜትሩን ሰባት መቶ ብሎ ጀምሮ በስድስት መቶ ሃምሳ ተስማማን። ሌላ ጊዜ ብሆን ሌላ ሃምሳ አስቀንሰው ነበር፤ ያን ቀን አቅሙም አልነበረኝም።

አቃቂ

ወደ አቃቂ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ጥቅል ጨርቁን ጭኔ ላይ ባስቀምጠው ረዳቱ፣ "እናት፣ የጨርቁንም ይክፈሉ" አለኝ።

"ወንበር አልያዘ። እኔ ነኝ የተሸከምኩት።"

"እኛስ ሁለታችሁንም ነው የተሸከምነው" አለ። ታክሲው ሁሉ ሳቀ። ከፈልኩ።

በቀጥታ ወደ ኮዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ያደግኩት አቃቂ ነው፤ አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የሠራው፤ በእማማ ዘነበች ደጅ ሳልሳለም ማለፍ ነውር ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ኮዬ ለመድረስ ፈርቼ ነው። የምሰማውን ነገር ትንሽ ላዘገየው ብዬ ነው።

እማማ ዘነበች የእናቴ ጎረቤት ነበሩ፤ ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ሆነው ነው የሞቱት። ቤታቸው ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ስገባ ደንግጬ ቆምኩ። ግድግዳው ከወገብ በታች ውሃ ሰማያዊ፣ ከወገብ በላይ ቢጫ ተቀብቷል። ድንበሩ ላይ በእጅ የተሳለ ነጭ ሐረግ ዙሪያውን ይሄዳል። የልጅ ልጆቻቸው ፎቶ፣ የባላቸው የባቡር ኮፍያ፣ ዳንቴል የለበሰ ፍሪጅ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል።

"እማማ፣ ማን ቀባልዎት?"

"ማን ይቀባልኛል? ራሴ ነኝ። ሐረጉን ብቻ የልጄ ልጅ ናት የሳለችው።"

"የመንግሥት ቤት አይደለም እንዴ? ይፈርሳል ሲባል አልነበር?"

"ይባላል። ይፈርሳል ሲባል ይኸው ጸጉሬ ነጣ። እስከዚያ ዓይኔ ምን ይይ?" አሉና የተቀመጥኩበትን ትራስ አስተካከሉልኝ። "የናንተስ የኮዬው ቤት? መቼ ነው ገብታችሁ ጠበል ጠዲቅ የምትሉን?"

"ለመስከረም እማማ።"

"አምናም መስከረም ነበር ያልሽኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው የናንተ ነገር።" ሳቁብኝ፤ እጄን ይዘው ነው የሳቁት። ሽሮ በጎመን አብልተውኝ ሲሸኙኝ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ገነትን ምን ሆነሽ ነው በያት። ከስታብኛለች" አሉ።

ግድግዳውን ፎቶ አንስቼ ለሶልያና ላክሁት። ለክፍልሽ እንዲህ ብናደርገውስ ብዬ ጻፍኩላት። ወደ ኮዬ በሚወስደኝ ባጃጅ ውስጥ ሳለሁ መለሰችልኝ፤ "እማ በጣም ያምራል! እዚህ ማድረግ እንችላለን?" እዚህ ያለችው ካምፓላን ነው። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ኮዬ ፈጬ

ከቱሉ ዲምቱ በኋላ ነፋሱ ይለያል። ድሮ ጤፍና ስንዴ የነበረው ሜዳ ላይ ሕንፃው ከሕንፃ ጋር ተመሳስሎ ተደርድሯል። የራሴን ብሎክ ለማግኘት ሁለት ሰው ጠየቅኩ፤ ይሄም ያሳፍራል። ደረጃው ላይ ጀሪካን የያዙ ሴቶች ቀድመውኝ ይወጣሉ። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ።

ገነት በሩን ከፈተች። እውነትም ከስታለች። ተሳሳምን። ወደ ሳሎን አስገባችኝና መብራት አበራች፤ መስኮቱ በአንሶላ ስለተጋረደ በቀን ጨለማ ነው። ሁሉም ነገር አለ። ሶፋው እንደተሸፈነበት ላስቲክ ነው። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። የቡፌው መስታወት ላይ የፋብሪካው ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ተሰርቋል፣ ተሸጧል እያልኩ የመጣሁት ሴትዮ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አቤል ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆሞ ያየኛል። "ና አክስትህን ሳም" አልኩት። የእግሩን ጣቶች በሩ ደፍ ላይ አስተካክሎ ቆመ እንጂ አልገባም።

"እዛ አይገባም" አለኝ። "የሶፋ ቤት ነው።"

ገነትን አየኋት። አቀረቀረች።

"የት ነው የምትተኙት?"

ኮሪደሩን ተከትዬ ሄድኩ። መኝታ ቤቱ ውስጥ የገዛነው አልጋ ከነካርቶኑ ቆሟል። እነሱ ያሉት መጨረሻ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ለሦስት ሰው አንድ ፍራሽ መሬት ላይ፣ ልብስ በፌስታል፣ ግድግዳው ላይ ምንም የለም። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልክ የካምፓላው ክፍላችን ነበር። አምፖሉ እንኳ እንደዚያው ራቁቱን ተንጠልጥሏል።

"ገኒ፣ ለምን?"

"ጋሽ ደረጀ በየሳምንቱ በቪዲዮ ይደውላል እኮ። ሶፋውን አሳዪኝ፣ ቡፌውን አሳዪኝ ይላል። ብርሃኑ ከብረታ ብረት ፋብሪካ ነው የሚመጣው፣ ልብሱ ሁሉ ግራሶ ነው። አቤል ደግሞ ልጅ ነው። ብናበላሽስ?"

"ነገ ነይ ያልሽኝስ?"

"ፍራሻችንን ላነሳ ነው። ቤታችሁ ላይ የተንሰራፋን እንዳይመስልሽ።" ከዚያ በፍጥነት፣ ሳትተነፍስ፣ "ለመስከረም እንወጣለን ትጌ። ብርሃኑ ቤት እየፈለገ ነው፤ አላገኘም እንጂ አላቆመም" አለች።

የከሳችው በዚህ ነው። የኔ መስከረም እሷን ደጅ ሊጥላት ነው። አንጀቴን በላችው፤ በራሴም ተናደድኩ። ወደ ሳሎን ተመልሼ፣ "መቀስ አምጪ፤ ላስቲኩን እናንሳው" አልኩ።

"ትጌ ተይ።"

"አምጪ።"

አንሶላውን ከመስኮቱ ላይ አወረድኩት። ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ የማታ ፀሐይ ነው፣ ሳሎኑን ሙሉ ይሞላዋል። ላስቲኩን ቀደን ስንስበው የሶፋው ቆዳ አብሮ መጣ። ቆዳ ነው ብለው የሸጡልን ቡናማው ልጣጭ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ እየተገፈፈ ላስቲኩ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ከሥሩ የነጣ ጨርቅ ታየ። የእርጥበት ሽታ ወጣ።

ገነት ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። "ማርያምን ትጌ፣ አልነካነውም። አንድም ቀን አልተቀመጥንበትም።"

"አውቃለሁ።"

"ጋሽ ደረጀን ምን ልበለው?"

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝና ልጣጩ ላይ ተቀመጥኩ። ያለቀስኩት ለሶፋው አይደለም። ሶልያና አንደኛ ክፍል ስትገባ ነው የገዛነው። ያን ጊዜ ቁመቷ እስከ ወገቤ ነበር።

ማታ ብርሃኑ ከሥራ ገባ፤ ሳሎኑ ተከፍቶ ሲያይ በሩ ላይ ቆመ። "ተቀመጥ" ስለው ሱሪውን አየ። "ቀድሞ ተበላሽቷል፣ አንተ ምን ታደርገዋለህ?" ስለው ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ምንጣፉን ዘረጋን፤ አልጋውን ከካርቶኑ አውጥቶ ገጠመው። አቤል ሶፋውን በማግስቱ ጠዋት ነው የደፈረው፤ ከዚያማ ሲዘል ዋለ፣ ጸጉሩ ውስጥ ሳይቀር ልጣጭ ገባ። የመጋረጃውን ጨርቅ ለገነት ሰጠኋትና "በወደድሽው መስኮት ስቀይው፤ ቤት መፈለጉንም ተዉት" አልኳት።

"ጋሽ ደረጀስ?"

"እሱን ለእኔ ተይው" አልኩ።

ካምፓላ

እሁድ ከሰዓት ቤቴ ገባሁ። በመንገዱ ሁሉ የምለውን ስለማመድ መጥቼ አንዱም ትዝ አላለኝም። ደረጀ ሻንጣዬን እንኳ ሳያስገባ፣ "ፎቶ አመጣሽ?" አለኝ። የሶፋውን ሰጠሁት። በሁለት ጣቱ እያሰፋ አየው።

"ማነው የተቀመጠበት?"

"ማንም አልተቀመጠበትም። ላስቲኩን ስናነሳ ነው እንዲህ የሆነው። አሁን እነገነት ይቀመጡበታል፤ ቤቱንም እንዲኖሩበት ሰጥቻቸዋለሁ።"

ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ስልኩን መለሰልኝና፣ "ሶፋ ምን ችግር አለው፤ ይቀየራል" አለ።

"ሶፋው ይቀየራል። የሶልያና ልጅነትስ?"

ተነስቶ ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ ማልዶ ወጥቶ አምሽቶ ገባ። እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ትዳሬን ለአንድ ሶፋ ሸጥኩት ይሆን እያልኩ አድራለሁ። ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ቤት ሰው ሲኖርበት ብቻ ሳይሆን ሰው ሲያጣም ያረጃል ነው የምላችሁ። ለመስከረም እንግባ አንግባ ግን ዛሬም አላውቅም። ያንን የሚነግረኝ መንገድ አላገኘሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ደረጀ ወደ ሶልያና ክፍል ሲሄድ አየሁት። ወጥ ቤት ሆኜ ጆሮዬን አቆምኩ። በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

"የትኛው ግድግዳ ነው የሚቀባው?" አላት።

ሐሳቡን ሳይቀይር ልቅደመው ብላ ነው መሰለኝ፣ ልጄ ቀና እንኳ ሳትል፣ "ሁሉም" አለችው።