በእርሳስ የተሰረዘው ሞት

ደራሲዋ በሰው ስም መሥራት ለምዳ ኖራለች። ታይፒስት ሳለች የአለቃዋን ንግግር እያቃናች ትመታለች፤ ጭብጨባው የእሱ ነው። ጋዜጣ ቤት ስትገባ ለአንባቢዎች የትዳር ጥያቄ መልስ የምትጽፈው እሷ፣ ከላይ የሚወጣው ፎቶ ግን የአንድ ሪዛም ሰውዬ፤ ያውም ሦስት ጊዜ የተፋታ። ለራዲዮ የልጆች ተረት ጻፈች፤ ምስጋናው ለተራኪው ሄደ። በሃምሳ ዓመቷ ቴሌቪዥን ጣቢያ ገብታ በአንድ ፎቅ ስለሚኖሩ ጎረቤታሞች ተከታታይ ድራማ ስትፈጥር ግን፣ «ይኼ እንኳ በስሜ ካልወጣ ብዕሬን እጥላለሁ» አለቻት እህቷን።

የፕሮግራም ኃላፊው መጽሐፍ የሚገዛው ለመደርደሪያው ቁመቱን እየለካ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ከጠረጴዛዋ ላይ አንስቶ ፎቶ ኮፒ አስደረገና፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ የራሱን ስም «ደራሲ» ብሎ አስገባ። እሷ ደግሞ የምትጥለውን መስመር የምትሰርዘው ፈዘዝ ባለ እርሳስ ነው፤ ለቃላቱ ታዝንላቸዋለች፣ ምናልባት ይመለሱ ይሆናል እያለች። ኮፒ ማሽኑ እርሳሱን አላየም። ኃላፊውም አላነበበም። ተዋንያኑ ግራ ገብቷቸው ቢጠይቁት «የተጻፈውን ተናገሩ» ብሎ በጥድፊያ አስቀረጸ።

ቦርዱ ሊያይ ተሰበሰበ። ደራሲዋ ከኋላ ወንበር ሆና ስሟን ብትጠብቅ የኃላፊው መጣ። በሦስተኛው ትዕይንት አናጢው ከደረጃ ወድቆ ሞተ፤ ጎረቤት አለቀሰ። በአምስተኛው አናጢው መጥቶ ሻይ ጠየቀ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰውየው ሞቶ አልነበረም እንዴ?»

«ምሳሌያዊ ነው» አለ ኃላፊው ደረቱን ነፍቶ።

«የምን ምሳሌ?»

«የ… የሕይወት።»

«ሻዩስ?»

«እሱም የዚያው ነው።»

«አልሞተም፣ እትዬ» አለች ደራሲዋ ከኋላ። «ሞቱን ሰርዤዋለሁ።» ዋናውን ጽሑፍ አውጥታ ሰጠቻቸው። ሰብሳቢዋ ገጹን ወደ መስኮቱ አዙረው የእርሳሱን መስመር በጣታቸው ተከተሉ፤ ከዚያ ኃላፊውን ቀና ብለው አዩት።

«እኔማ ታስተውሉ እንደሆነ ልፈትናችሁ ብዬ ነው» አለ።

በዚያው ቀን የእሱ ስም እንዲወጣ፣ የእሷ ብቻ እንዲገባ፣ ቀረጻውም እንዲደገም ተወሰነ።

ኮሪደሩ ላይ ተከተላት። «እህቴ፣ አማካሪ ተብዬ እንኳ ልግባ። ሰው ምን ይለኛል?»

«ምን አማከርከኝ?»

ማሰብ ጀመረ። ለማሰብ ባዳ ነውና ግንባሩ ተጨማደደ፣ ከንፈሩ ተከፈተ። ተዋንያኑ ለልምምድ እየጠበቋት ስለነበር እያሰበ ትታው ገባች።